ሱልጣኑን ማን አታለለው?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የተወለደው ቴሌቪዥን ከመፈጠሩ ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። ዳሩ ግን የቤተ መንግሥት ታሪክ የሚያሳዩ ተከታታይ ድራማዎችን አስተውሎ ለሚመለከት ሰው፣ አባባሉ ዛሬም ሥራ እንዳልፈታ ግልጽ ነው። ንጉሡ ያዝዛል፤ ሰው ይሞታል፤ ተከሳሹ ግን ሌላ ነው። ወይ ሚስት ናት፤ ወይ አማካሪ ነው፤ ወይም በሐሰት የተቀረጸ ማኅተም ነው። ንጉሡ ራሱ ከመጋረጃው በስተኋላ ቆሞ ያለቅሳል፤ ተመልካችም አብሮት ያለቅሳል። እንባው በደረቀ ጊዜ ማን ምን እንደ ወሰነ የሚጠይቅ አይገኝም።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው ከ2011 መጀመሪያ እስከ 2014 አጋማሽ ድረስ (የዓመታቱ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) በቱርክ ቴሌቪዥን በ139 ክፍሎች የቀረበው «ዕፁብ ክፍለ ዘመን» የተሰኘው ድራማ ነው። ድራማው ከ1520 እስከ 1566 የኦቶማንን ግዛት የገዛውን የሱልጣን ሱለይማንን፣ ከባርነት ተነሥታ ሕጋዊ ሚስቱ የሆነችውን የሁረምን፣ ከጓደኝነት እስከ ታላቅ ቪዚርነት ያደረሰውን የኢብራሂምንና በአባቱ ትእዛዝ የተገደለውን የልዑል ሙስጠፋን ታሪክ ይተርካል። በሜራል ኦካይ ብዕር ተጀምሮ፣ ደራሲዋ በ2012 ካረፉ በኋላ በይልማዝ ሻሂን የቀጠለው ይህ ሥራ በብዙ አገሮች ታይቷል፤ ብዙም ተወድዷል። የተወደደበት ምክንያት ደግሞ ልብስና ጌጡ ብቻ አይደለም። ከባሪያ ነጋዴ እጅ ተገዝታ የመጣች አንዲት ልጅ የዓለምን ታላቅ ግዛት አፍንጫው ሥር ሆና ስትሟገተው ማሳየት ቀላል ሥራ ስላልሆነ ነው።

ሂስ ያልጎደለው ሥራም ነበር። ገና የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እንደ ታዩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አቤቱታዎች ለአገሪቱ የስርጭት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቀረቡ። በኅዳር 2012 በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርዶጋን፣ ሱለይማን 30 ዓመት ያህል በፈረስ ጀርባ ላይ ያሳለፈ እንጂ በድራማው እንደሚታየው በቤተ መንግሥት የተቀመጠ ንጉሥ አልነበረም ሲሉ ድራማውን በአደባባይ አወገዙ። ይህ ሂስ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱም የቁጥር አይደለም። ሱለይማን 13 ጊዜ በራሱ መሪነት መዝመቱ አይካድም። ነገር ግን «ንጉሡን ከአልጋው አውርዳችሁ ፈረስ ላይ አውጡልን» የሚል ሰው የሚጠይቀው የሐውልት ለውጥ ነው። በፈረስ ላይ ያለው ንጉሥም፣ በሐረም ያለው ንጉሥም፣ ልጁን ያስገደለው ያው ንጉሥ ነው። ሐያሲው ሊጠይቅ የሚገባው ሱልጣኑ የት ተቀመጠ ብሎ አይደለም፤ በተቀመጠበት ምን ወሰነ፣ ለምንስ ወሰነ ብሎ ነው።

በተውኔት ዓለም ገጸ ባሕርይ የሚታወቀው በመልኩም በንግግሩም አይደለም፤ በውሳኔው ነው። አማራጭ በሌለበት ውሳኔ የለም፤ ውሳኔ በሌለበትም ሰው የለም፤ አሻንጉሊት ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ደራሲ የገጸ ባሕርዩን ውሳኔ በተንኮለኛ ደብዳቤ ወይም በሐሰተኛ ምስክር ባስለወጠ ቁጥር ገጸ ባሕርዩን የጠቀመው ይመስለዋል እንጂ በእውነቱ ሰውነቱን ነው የሚነጥቀው። የተታለለ ሰው ያሳዝናል። ግን የራሱ የሆነ ምን አለው?

«ዕፁብ ክፍለ ዘመን» ይህን የማያውቅ ድራማ ቢሆን ኖሮ ለሂስም ባልበቃ ነበር። ማወቁን ያሳየበት ትዕይንት አለ። የኢብራሂም ሞት ነው። እንደሚተረከው ሱለይማን በሕይወት እስካለ ድረስ ኢብራሂምን ላይገድል ምሎለት ነበር። በመጋቢት 1536 ሊያስገድለው በቈረጠ ጊዜ መሐላው መንገዱ ላይ ቆመበት። መፍትሔው የተገኘው ከሕግ ዐዋቂ ነው፤ እንቅልፍ የሞት ግማሽ ስለሆነ ሱልጣኑ በተኛበት ሰዓት ቢገደል መሐላው አልፈረሰም ተባለ። ድራማው ይህን ትውፊት ወስዶ ያደረገው ነገር የሚደነቅ ነው። ገዳዮቹ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ኢብራሂም በዚያው ግቢ በሰላም ተኝቷል፤ የዓለም ጌታ የተባለው ሰው ደግሞ ከአልጋው ላይ ሆኖ ለመተኛት ይታገላል። እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። በዚህ ትዕይንት ሱለይማንን ያታለለው ማንም የለም። ያውቃል። ወዳጁን ሊገድል እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሕጉ ለእርሱ ሲባል እንደ ተጣመመ ያውቃል፤ ተመልካቹም ያውቃል። አንድ ሥርዓት ገዥውን ንጹሕ አድርጎ ለማስተኛት ምን ያህል እንደሚደክም ከዚህ በተሻለ ያሳየ ትዕይንት በዚህ ዓይነት ድራማ ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ ይህን የቻለ ብዕር በ1553 ምን ነካው?

ነገሩ የታወቀ ነው። በጥቅምት 1553 ሱለይማን በፋርስ ላይ ለመዝመት ጦሩን ይዞ ኮንያ አጠገብ ኤሬግሊ በተባለ ሥፍራ ሰፍሮ ሳለ፣ የአማስያ አገረ ገዥ የነበረውን የበኩር አልጋ ወራሹን ሙስጠፋን አስጠራው። ሙስጠፋ መጣ፤ ወደ አባቱ ድንኳን ገባ፤ በዲዳ ገዳዮች ታንቆ ሞተ። በድራማው አተራረክ የዚህ ሁሉ ምክንያት ሁረምና አማቿ ሩስተም ፓሻ በሙስጠፋ ማኅተም አስመስለው ለፋርሱ ሻህ ያስጻፉት የሐሰት ደብዳቤ ነው። ሙስጠፋም የሚቀርበው እንደ በግ ነው። ወዳጆቹ አትሂድ ይሉታል፤ እርሱ ግን «አባቴ አይገድለኝም» ብሎ ልቡን አንጽቶ ይገባል። ከሞተ በኋላ ከብብቱ ለአባቱ የጻፈው ደብዳቤ ይገኛል። የካቲት 2014 ይህ ክፍል በታየ ማግሥት ብዙ ሕዝብ ቡርሳ ወደሚገኘው የሙስጠፋ መቃብር ጎርፏል። ከ460 ዓመት በኋላ ለሞተ ሰው ለቅሶ መድረስ ማለት ነው። ተዋናዩ መህመት ጉንሹር ለዚህ የሚገባውን ምስጋና ማግኘቱ ትክክል ነው።

ግን ያ የተለቀሰለት ሰው ሙስጠፋ ነውን? ሙስጠፋ በዚያን ጊዜ የ38 ዓመት ጎልማሳ ነው። ከ1533 ጀምሮ በማኒሳና በአማስያ አገር ያስተዳደረ፣ ግብር የሰበሰበ፣ ዳኝነት የተቀመጠ፣ በጃኒሳሪዎች ዘንድ የተወደደ ሰው ነው። ሃያ ዓመት አገር የገዛ ሰው ወደ አንድ ድንኳን ሲገባ በልቡ የሚያወጣ የሚያወርደው ነገር አይኖርምን? ከዚያ ጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ኢስታንቡል የመጣው የሐብስቡርግ መልእክተኛ ቡስቤክ በደብዳቤው ላይ ሙስጠፋ የገባበትን አጣብቂኝ ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል። ቢሄድ ሞት ሊጠብቀው ይችላል፤ ቢቀር ከሐዲነቱን በገዛ እጁ ያረጋግጣል። ስለዚህም በንጽሕናው ብቻ ሳይሆን፣ በሚወደው ጦር ፊት አባቱ አይደፍርም በሚል ስሌትም ተማምኖ ሄደ ይላል። ወደ ፊት ገደል፣ ወደ ኋላ ገደል ነው። ይህ ነው እንግዲህ ውሳኔ! በሠራዊቱ ፍቅር ሕይወቱን አሲዞ የሚቈምር ልዑል፣ ያስጠራውም ያ የሠራዊቱ ፍቅር ራሱ መሆኑን ሳያይ ቀርቶ፣ ወይም አይቶት፣ ወደ ድንኳኑ ሲራመድ። ድራማው ይህን ሰው በእጁ ይዞ ሳለ ጣለውና ቅዱስ አነሣ። ቅዱሱ ያስለቅሳል፤ ቈማሪው ግን ያሳስብ ነበር።

የበለጠው ጥፋት ግን በአባትየው ላይ የተፈጸመው ነው፤ ጥፋቱም ማዳን መሆኑ ነው። ድራማው ሱለይማንን ያድነዋል። እንዴት ቢሉ፣ ተታለለ በማለት።

ታሪክ ግን ለዚህ አዳኝነት አይመችም። ሙስጠፋ በተገደለ ጊዜ ጦሩ ስላጉረመረመ ሩስተም ከታላቅ ቪዚርነቱ ተሻረ። በቦታው ቀራ አሕመድ ፓሻ ተተካ። ሁለት ዓመት አልፎ በ1555 አሕመድ ፓሻ ተገደለና ሩስተም ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ፤ በ1561 እስኪሞትም ድረስ ከዚያ አልወረደም። ልጁን በሐሰት ደብዳቤ ያስገደለበትን ሰው መልሶ የመንግሥቱ ዐይን የሚያደርግ አባት ምን ዓይነት የተታለለ አባት ነው? ከዚህም የባሰ አለ። ሙስጠፋ ከሞተ በኋላ ሕፃን ልጁ መሐመድ በቡርሳ በዚያው በአያቱ ትእዛዝ ታነቀ። በሕፃኑስ ላይ የሐሰት ማኅተም ያሳተመበት ማን ነበር? ሁረም ራሷ በ1558 ሞተች። ሦስት ዓመት አልፎ በ1561፣ ከወንድሙ ከሰሊም ጋር ተዋግቶ ተሸንፎ ወደ ፋርስ የሸሸው የገዛ ልጇ ባያዚድ፣ ሱለይማን ለሻህ ታህማስፕ ወርቅ ከፍሎ ከአራት ልጆቹ ጋር በቃዝቪን ተገደለ። ተንኮለኛዋ ሴት መቃብር ውስጥ ሆና ግድያው ቀጥሏል ማለት ነው። ድራማው ለዚህም አዳዲስ ተንኮለኞች ፈልጎ ማግኘቱ አልቀረም፤ ንጉሥ ያለ አታላይ እንዳይቀር።

መልሱ ከሐረም መስኮት ውጭ ነው የሚገኘው፤ ለተውኔትም ከማንኛውም የሐሰት ደብዳቤ የላቀ ነው። በ1512 የሱለይማን አባት ሰሊም በጃኒሳሪዎች ድጋፍ የገዛ አባቱን ዳግማዊ ባያዚድን ከዙፋን አወረደ። ከዚያም ወንድሞቹንና የወንድሞቹን ልጆች ፈጀ። በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት የነበረው ሱለይማን በክራይሚያ የኬፌ አገረ ገዥ ነበር፤ ሰሊም ለአመፁ የተነሣውም ወደ ልጁ ግዛት ወደ ኬፌ ተሻግሮ ነው። ሱለይማን እንግዲህ ጃኒሳሪ የሚወደው ልዑል ባረጀ አባት ላይ ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ ያነበበ ሰው አይደለም። በዐይኑ አይቷል፤ በዚያ የተነሣም ነግሦአል። በ1553 እርሱ ወደ 60 የተጠጋ፣ ሕመም የጸናበት ሽማግሌ ነው፤ ወታደሩም ሱልጣኑ ስላረጀ ልጁ ቢነግሥ ይሻላል እያለ ያንሾካሹካል። የሙስጠፋ ንጽሕና በዚህ ላይ ምን ይጨምራል? ምንም። ሙስጠፋ ንጹሕ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ ከጥፋቱ ይልቅ መወደዱ ያስፈራል። ልጁ ንጹሕ እንደ ሆነ እያወቀ የሚያስገድል አባት! በኢብራሂም ሞት ሌሊት እንቅልፍ ያጣውን ሱለይማን የጻፈ ብዕር ይህንን ሱለይማን መጻፍ አይችልም ነበር አይባልም። አልደፈረም።

የዚህን አለመድፈር ዋጋ የከፈለችው ሁረም ናት። በድራማው መጀመሪያ የቀረበችው ሁረም ሕያው ፍጥረት ናት። ትስቃለች፣ ትናከሳለች፣ ትሳሳታለች። ነጻ ከወጣች በኋላ ያለ ኒካህ ወደ ሱልጣኑ እልፍኝ አልገባም ብላ ባሪያዎቹን ሁሉ የሚያዝዘውን ሰው በራሱ ሕግ የያዘችበት ትዕይንት፣ አንድ ደካማ ወገን የኃይለኛውን መሣሪያ ነጥቆ እንዴት እንደሚዋጋ የሚያስተምር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ መርዝ የምትበጠብጥ ሴት ብቻ ሆና ትቀራለች። በ2013 ዋናዋ ተዋናይት ሜርየም ኡዜርሊ ሥራውን ትታ በቫሂዴ ፔርቺን መተካቷ ለዚህ መለወጥ ጥቂት ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ግን የቀዘቀዘው ፊቷ ሳይሆን ጽሑፏ ነው።

ሁረም ለምን ሙስጠፋን ጠላች? ድራማው መልሱን ያውቃል፤ በአፏም ያስነግራታል። ዳግማዊ መሐመድ ለዓለም ሥርዓት ሲባል የነገሠ ልዑል ወንድሞቹን እንዲገድል የፈቀደበት ሕግ አለ። ሙስጠፋ ቢነግሥ የእርሷ ልጆች ይታነቃሉ። ቀድሞም ቢሆን የሐረሙ ልማድ አንዲት ዕቁባት አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ልጇን ተከትላ ወደ አውራጃ እንድትሄድ ነበር፤ ሁረም ግን ብዙ ወንዶች ልጆችን ወልዳ እዚያው ቀረች። ስለዚህ ከቀደሙት እናቶች ሁሉ ይልቅ የሚታነቅባት ብዙ ነው። ይህ ሕግ አንድ ጊዜ በትክክል በመድረክ ላይ ቢቆም፣ ሁረምና የሙስጠፋ እናት ማሂደቭራን ሁለት ቀናተኞች ሳይሆኑ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ የታሰሩ ሁለት እናቶች ሆነው ይታዩ ነበር። ድራማው ግን ሕጉን በንግግር ይጠራውና ወዲያው ወደ ቀለበቱ ይመለሳል። የአረንጓዴው ድንጋይ ቀለበት ነገር! ማን አደረገው፣ ማን ቀናበት፣ ማን ቀማው፤ ስንት ክፍል በዚህ አለፈ? ቅጂው በየገበያው መሸጡ ለነጋዴው ሲሳይ ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ግን ዕዳ ነው። ሁረም በኢስታንቡል በአርክቴክቱ በሲናን እጅ ያሠራቻቸው መስጊድ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል፣ በኢየሩሳሌምም ለድሆች ያቆመችው የምግብ ማደያ፣ ለፖላንዱ ንጉሥ የላከቻቸው ደብዳቤዎች፣ ይህች ሴት ከመኝታ ቤት ውጭም ትወስን እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ይህ ሁሉ ከቀለበቱ ያነሰ ነበርን?

«ድራማ የታሪክ ትምህርት አይደለም፤ ሕዝብ የሚፈልገው ፍቅርና ቅናት ነው» የሚል መከራከሪያ መቅረቡ አይቀርም። ግማሹ እውነት ነው። ተመልካች በምሽት ቤቱ ተቀምጦ ስለ ኦቶማን የዙፋን ሕግ ንግግር መስማት የለበትም። ነገር ግን ከላይ የተነሣው የእንቅልፉ ትዕይንት ንግግር ነበርን? አንድም ትምህርት ሳይሰጥ፣ አንድ ሰው አልጋው ላይ ሲገላበጥ በማሳየት ብቻ የሥርዓቱን ልብ ፈልቅቆ አወጣ። እንዲያውም ፍቅሩ የሚጠልቀው ያን ጊዜ ነው። ኢብራሂምን ባይወደው ኖሮ ሱለይማን መተኛት አያቅተውም ነበር። ሙስጠፋንም እየወደደ፣ ንጽሕናውን እያወቀ ቢያስገድለው፣ ከመጋረጃው ኋላ የሚፈሰው እንባ የማን እንደ ሆነ ተመልካች ራሱን ይጠይቅ ነበር። ሕዝብ ቀላሉን ይፈልጋል የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀላሉን መጻፍ የሚፈልጉት ራሳቸው ናቸው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ ተመልካችና ባለሙያ ሩቅ አይደለም። ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ወደ ብዙ ቤት ማስገባቱ፣ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎችም በዚህ ላይ ቅሬታቸውን ማሰማታቸው የሚታወስ ነው። ቅሬታው በአብዛኛው ስለ ገበያና ስለ ባህል ነበር፤ ስለ አጻጻፍ የተነሣው ጥቂት ነው። በሱለይማን እልፍኝ የሚወሰነው ነገርም እዚያው አልቀረም። በ1542 ለኢማም አሕመድ የተላኩት የኦቶማን ነፍጠኞች፣ በ1557 ምጽዋን የያዘው ኦዝደሚር ፓሻ፣ የዚያው መንግሥት እጆች ነበሩ። የምጽዋን ነገር ከዚህ ድራማ መጠበቅ ተገቢ አይሆንም፤ ዐፄ ገላውዴዎስን በኢስታንቡል ስክሪን የሚፈልግ ሰውም የለም። ግን ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት የሚጻፍ ድራማ የሚማረው ከየትኛው ሱለይማን ነው? አምባ ግሸን ላይ የነጋሢ ዘር ሁሉ ተግዞ ይኖር የነበረበትን ዘመን የሚጽፍ ደራሲ በእጁ ያለው ጉዳይ ይኸው ራሱ ነው፤ ወንድም ለወንድም የሚያስፈራበት ዙፋን። መገደልና መታሰር ልዩነት አላቸው፤ ለተውኔቱ ግን የፍርሃቱ ምንጭ አንድ ነው። ደራሲው ያን ፍርሃት በአንዲት ክፉ እቴጌ ወይም በአንድ ተንኮለኛ ራስ ላይ ጭኖ ንጉሡን በነጭ ኩታ ሸፍኖ ካወጣው፣ የተመልካቹ እንባ ይፈስስ ይሆናል፤ አምባው ግን ከነግዞቱ ሳይታይ ይቀራል።

ድራማው በ1566 በሱለይማን ሞት ስለሚያበቃ ከዚያ በኋላ የሆነውን አያሳይም። የሙስጠፋ እናት ማሂደቭራን ከልጇ ሞት በኋላ በቡርሳ 28 ዓመት ኖረች፤ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷት በዕዳ የተያዘችበት ጊዜም ነበር። ዕዳዋን የከፈለላትና የሙስጠፋን መቃብር ያሠራው፣ ሁረም ከሙስጠፋ ገመድ ልታድነው ስትታገልለት የነበረው ልጇ፣ ወንድሙን ባያዚድን ድል ነሥቶ የነገሠው ዳግማዊ ሰሊም ነው። በ2014 ሕዝቡ እየጎረፈ ያለቀሰው በዚሁ መቃብር ላይ ነው፤ እናቲቱም ከልጇ አጠገብ ተቀብራ እዚያው ናት።